ተቀመጪ የምትባለውና የማትባለው

ጊንጪ ውስጥ ያረገዘች ሴት ሁለት ዓይነት ናት። አንዷ ቢሮ ወይ ሱቅ ትውላለች፤ ሆዷ ገፋ ሲል ቤተሰቡ ሁሉ «አረፍ በይ፣ እንዳትነሺ» ይላታል፣ ለአጭር መንገድም ባጃጅ ይጠራላታል። ሌላዋ በጪሊሞ ደን በኩል እንጨት አዝላ ለገበያ ትወርዳለች፤ ተቀመጪ የሚላት የለም። ሁለቱንም ወገባቸውን ያማቸዋል። መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው።

ሁለተኛዋን «ስፖርት ሥሪ» ማለት ቀልድ ነው። ውሃም የምትቀዳው እሷ ናት፤ ውሃ የሞላ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ እሱን ተሸክሞ ዳገት መውጣት ለጤና የሚደረግ እንቅስቃሴ አይደለም። ለእሷ የሚበጃት ባሏ ወይ አህያው ጀሪካኑን ይዞላት ባዶ እጇን መሄድ ነው። ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ምክሩን ለሚስት ብቻ ሳይሆን ለባልም ቢነግሩ ደስ ይለኛል።

ለመጀመሪያዋ ግን መቀመጥ ራሱ ሕመም ይሆናል። እግር ያብጣል፣ ሆድ ይደርቃል፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ሰው ያስጠላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ሐኪም ያልከለከላት ነፍሰ ጡር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንድታደርግ ይመክራል። ለቀን ሲካፈል 20 ደቂቃ ገደማ ነው። እንቅስቃሴው በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊትንና ስኳርን፣ ከወሊድ በኋላ የሚከተል ድባቴንም ስጋት ይቀንሳል። ልኩ ቀላል ነው፦ እየሄዱ ማውራት ከተቻለ ጥሩ፤ ትንፋሽ ቃል ካስቋረጠ ቀስ ማለት። አካባቢያችን ከፍታ ያለው ነው፣ ከቆላ ለመጣች ደግሞ ዳገቱ ይብስባታል።

እኔ ከሁሉ የምወደው ከጎረቤት ጋር መሄዱን ነው። ቡና ላይ ሰው ይበዛል፤ «ልጅ እየመጣልሽ ምን ያስከፋሻል?» የሚል አይጠፋም። ጎን ለጎን ሲሄዱ ግን ዓይን ለዓይን መተያየት የለም፣ ዝምታውም አያሳፍርም፤ ለሐኪም ያልተነገረው «ፈራሁ» እዚያ ይወጣል።

ክረምት መረሬው ያንሸራትታል፣ የአምቦ አስፋልት ዳር ደግሞ ከባድ መኪና አለ። ያኔ ቤት ውስጥ በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ጀርባን ቀስ ብሎ ማጉበጥና መመለስ ወገብን ያፍታታል። ሆድ ከገፋ ወዲህ በጀርባ ተንጋሎ የሚሠራው ይቅር። አምቦ ሄዶ መዋኘትስ? ዋና መልካም ነው፤ ትኩስ ፍል ውሃ ውስጥ መዘፍዘፉ ግን አይሆንም። ጾም ላይ ያላችሁም በባዶ ሆድ አትውጡ፤ ስለ ጾሙ የንስሐ አባታችሁን ብታማክሩ ይሻላል።

ደም ከታየ፣ የሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ራስ ምታት ከበረታ፣ ዓይን ከደበዘዘ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ወዲያው ጤና ጣቢያ፤ ሌሊትም ቢሆን።