ጎንደር ሲሄዱ ድልድዮቹንም ይዩ

ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው የፋሲልን ግንብ ነው። ከዚያም ደብረ ብርሃን ሥላሴን ተሳልሞ፣ በጣራው ላይ የተሳሉትን መላእክት አይቶ፣ በቃሐ ወንዝ አጠገብ ያለውን የፋሲልን መዋኛ ጐብኝቶ ይመለሳል። ይህን ማለቴ ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም። እኔም ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎቼን ይዤ የምዞረው በዚሁ መንገድ ነበረ። አንድ ቀን ግን አንድ ተማሪ እጁን አንሥቶ፣ «ጋሼ፣ ነገሥታቱ ክረምት በመጣ ጊዜ ወንዙን በምን ይሻገሩ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። መልሱን በቅጡ አላውቀውም ነበርና በሚቀጥለው ቅዳሜ ካሜራዬን አንግቤ፣ ሦስት ተማሪዎች አስከትዬ ድልድይ ፍለጋ ወጣሁ።

በአሜሪካና በስዊስ አገር ጣራ ያላቸውን የእንጨት ድልድዮችና የቆዩ የውሃ ወፍጮዎችን ሳይጠፉ ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚዞሩ ሰዎች አሉ። የድልድዩ ጣራ ለጌጥ የተሠራ አይደለም፤ ዝናብ እንጨቱን እንዳያበሰብሰው ነው። የእኛ ድልድይ ግን ድንጋይ ስለ ሆነ ጣራ አላሻውም፤ የሚጠብቀው ኖራው ነው። ኖራ የሚባለውም ድንጋይ በእሳት ተቃጥሎ፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ ከአሸዋ ጋራ ተለውሶ የሚገኝ ነው። ግንበኛው በመጀመሪያ የእንጨት ድጋፍ ያቆማል፤ በላዩም ከግራና ከቀኝ ድንጋይ እየደረደረ ይመጣና የመካከሉን ድንጋይ ሲያስገባ ቅስቱ ይዘጋል። ከዚያ እንጨቱ ይወጣል። ድንጋዮቹ እርስ በርሳቸው ስለሚጫኑ ክብደታቸው ራሱ ያጸናቸዋል። ኖራው ታጥቦ፣ ውሃና ሥር በመካከላቸው ከገባ ግን አንዱ ሲወጣ ሌላውም ይከተላል።

ይህ ጥበብ በአገራችን በዓባይ ላይ የታየው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት ሲሆን፣ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ አቅራቢያ ያለው የአላታ ድልድይ በ1626 ተሠራ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ልጃቸው ዐፄ ፋሲል ከ1632 እስከ 1667 ሲነግሡ ሰባት ድልድይ አሠሩ ይባላል። ከዚህም የተነሣ ሕዝቡ አሮጌ ድልድይ ባየ ቍጥር፣ ማንም ይሥራው ማን፣ «የፋሲል ነው» ይላል።

እኛም ከጎንደር ተነሥተን በአዘዞና በማክሰኝት አድርገን ወደ እንፍራንዝ ሄድን። ከጉዛራ ግንብ ሳይርቅ በጋርኖ ወንዝ ላይ የድሮ ድልድይ አለ። ገና እንደ ደረስን ተማሪዎቹ መካከሉ ላይ ተሰልፈው ቆሙ፤ እኔም አነሣኋቸው። በኋላ ሥዕሉን ስመለከተው የልጆቹ ጥርስ እንጂ የድልድዩ ቅስት አይታይም።

በዚህ ጊዜ ከብት የሚያግዱ አንድ ሽማግሌ ወደ እኛ መጡ።

«እንዴት ዋላችሁ ልጆቼ? መሐንዲሶች ናችሁ?»

«የለም አባቴ፣ አስተማሪ ነኝ። ፎቶግራፍ ልናነሣ ነው የመጣነው።»

በድንጋዮቹ መካከል የበቀለውን ቍጥቋጦ በበትራቸው እያመለከቱ፣ «ደግ ነው። ፎቶግራፉ ይህን ይቈርጥለታል ወይ?» አሉኝ።

የምመልሰው አጥቼ ዝም አልሁ። በመንገድ ላይ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በጌምድርንና ጎጃምን በሚያገናኘው የዓባይ መሻገሪያ ላይ በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ ድልድይ ነበረ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገር መካከሉ ፈረሰና «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። ከዚያ ወዲያ ከስልሳ ዓመት በላይ ገበያተኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያ ማዶ ያሉት እየጐተቱት በጥልቁ ላይ ተንጠልጥሎ ይሻገር ነበር። ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በ2000 መጨረሻ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጣ። ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ መኪናው እስኪጠገን ሲጠብቅ መጽሔቱን ገልጦ አየውና ልቡ ተነካ። ሰው አስተባብሮ፣ ከአካባቢው ሕዝብ ጋራ ሆኖ በ2002 ክፍተቱን ዘጋው። በ2005 ጐርፍ ቢወስደውም ተስፋ አልቈረጡም፤ በ2009 ከፍ ብሎ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ መሸጋገሪያ ተሠራ።

እንግዲህ ለሽማግሌው የነበረኝ መልስ ይህ ነው፦ ፎቶግራፍ ቍጥቋጦ አይቈርጥም፤ የሚቈርጠውን ሰው ግን ሊያስነሣ ይችላል። ይህም የሚሆነው ሥዕሉ ስብራቱን ሲያሳይ እንጂ የእኛን ፈገግታ ሲያሳይ አይደለም።

ስለዚህ ወዳጄ አንባቢ፣ ለዕረፍት ወደ አገርህ ስትመለስ አሮጌ ድልድይ ብታገኝ ከጐን ሆነህ ቅስቱ በሙሉ እንዲታይ አንሣው። የተሰነጠቀውን ቦታ ቀርበህ ድገመው። ርዝመቱን በገመድ ለካ፤ የወንዙንና የቀበሌውን ስም፣ ያነሣህበትንም ቀን ከጀርባው ጻፍ። አንዱን ቅጂ ለትምህርት ቤት፣ ሌላውን ለባህልና ቅርስ መሥሪያ ቤት ስጥ። ትልቅ ሥር ካየህ ግን አትንቀለው፤ ድንጋዩን ይዞ ይወጣልና ለባለሙያ ተወው።

እኛም በሳምንቱ ተመልሰን ጋርኖን እንደ ገና አነሣነው። በዚህኛው ሥዕል ላይ አንድም ሰው የለም። ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ የጻፈው ያ በክፍል ውስጥ የጠየቀኝ ተማሪ ነው።