ለማሽኔ ያሰብኩትን ለልጆቼ ነፈግኳቸው



አዋሽ ሰባት ላይ የብረታ ብረት ሥራ አለኝ። ከፊት ወርክሾፑ፣ ከኋላ ደግሞ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር የምኖርባቸው ሁለት ክፍሎች ናቸው። አልሐምዱ ሊላህ፣ በጅቡቲ መንገድ የሚመላለሰው ከባድ መኪና ሥራ አያሳጣንም። ሪዝቄና ቤቴ በአንድ ግቢ መሆናቸውን እንደ ጸጋ እቆጥረው ነበር፤ ነውም። ዳሩ ግን ጸጋም ሐቅ እንዳለው የተረዳሁት በአንድ ሌሊት ነው።

ግቢው በሙሉ የሚጠቀመው ከአንድ ቦርድ ነበር። እኔ ስበይድ የቤቱ አምፖል ይርገበገባል፣ ቬንትሌተሩ ይደክማል። ባለቤቴ የእንጀራ ምጣዱን ከሰካች ደግሞ ቫልቮላው ይቃጠላል። "የማትበይድበትን ሰዓት ንገረኝና ያኔ ልጋግር" ትለኝ ነበር። እኔ ግን አቋራጭ መረጥኩ፤ በተቃጠለው ቫልቮላ ፈንታ ወፍራም የመዳብ ሽቦ አሰርኩበት። ከዚያ ወዲህ መብራቱ አልጠፋም። ችግሩን የፈታሁት መስሎኝ ነበር። ለካስ ቫልቮላ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ኖሯል!

አንድ ቀን ከዒሻእ ሰላት በኋላ የተሳቢው መጎተቻ የተሰበረበት ሾፌር መጣ። እየበየድኩለት ሳለ ትንሹ ልጄ ዓይኑን እያሸ ወጥቶ "አባዬ፣ ግድግዳው ይሸታል" አለኝ። ሮጬ ዋናውን ማጥፊያ አወረድኩ። በልጆቹ አልጋ ራስጌ የሚያልፈው ሽቦ ልባሱ ቀልጦ፣ ኮምፔንሳቶው ጠቁሯል። አላህ (ሱ.ወ.) ልጁን ባይቀሰቅሰው ኖሮ የሚሆነውን ማሰብ ዛሬም ያስፈራኛል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስንተኛ እሳትን በቤታችን እንዳንተው አስጠንቅቀውናል። እኔ ኩራዝ የለኝም ብዬ ተዘናግቼ እሳቱን በግድግዳ ውስጥ አስተኝቼው ነበር።

ከሳምንት በኋላ የግቢ በር ልተክል ሰመራ ሄድኩ። እዚያ ላገኘኋቸው አንድ አረጋዊ የኤሌክትሪክ ባለሙያ የሆነውን አጫወትኳቸው።

"መበየጃህ ብሬከር አለው?" ሲሉ ጠየቁኝ።

"አዎን አባቴ፣ ውድ ማሽን ነው" አልኳቸው።

"ልጆችህስ?"

መልስ አልነበረኝም።

ከእርሳቸው የተማርኩትን፣ እንደ እኔ በሥራ ቦታ ለሚኖር ቤተሰብ ይጠቅማልና ላካፍላችሁ። መኖሪያው የራሱ ፓኔል ይኑረው። ከዋናው ቦርድ የብቻው ብሬከር ተደርጎለት፣ መበየጃና ግራይንደር በማይጋሩት መስመር ወደ ቤት ይግባ። በቤት ውስጥ ለመብራት ባለ 1.5 ሽቦና 10 አምፔር ብሬከር፣ ለሶኬት ባለ 2.5 ሽቦና 16 አምፔር ብሬከር ይበቃል። ምጣድ ግን 3,500 ዋት ያህል ስለሚወስድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ስለዚህ ለብቻው ባለ 4 ሽቦና 20 አምፔር ብሬከር ያሻዋል። ወደ ቤቴ ለሚገባው መስመር ባለ 10 ሽቦና 32 አምፔር ብሬከር መረጡልኝ። "ለምን ይህን ያህል ወፈረ?" ብላቸው፣ "የአገራችንን ሙቀት ረሳኸው?" አሉኝ። የሽቦ አቅም የሚሰላው 30 ዲግሪ ሙቀት ታስቦ ነው፤ በ40 ዲግሪ አንድ ስምንተኛ ያህሉ ይቀንሳል። ከዚህ ሌላ 30 ሚሊ አምፔር ሲፈስ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያና በሚገባ የተቀበረ ኧርዝ ያስፈልጋል። ደረቅ መሬት ኤሌክትሪክን በቀላሉ አይቀበልምና ኧርዙ በጥልቀት ይቀበር፣ ይለካም።

ወጪው ሲከብደኝ አንድ ወዳጄ "የቤቱን መስመር ከቆጣሪ በፊት ጥለፈው፤ ከሂሳቡ ታተርፋለህ" አለኝ። ልጆቼን ከዚህ ዓለም እሳት ላድን ብዬ በሐራም ወደዚያኛው እሳት ልወስዳቸው? አዑዙ ቢላህ! ጥቂት በጥቂት ቆጥቤ፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ አሠራሁ።

በ2017 ዓ.ል. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ጥቅሙን ይበልጥ አየነው። ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ ስትወጣ በበሩ ጎን ያለውን የቤቱን ብሬከር ዝቅ አድርጋ ነበር የምትወጣው።

ወንድሞችና እህቶች፣ ተወኩል ማለት ግመልን ሳያስሩ መልቀቅ አይደለም፤ አስሮ በአላህ መመካት ነው። ግመል በሚረባበት በአፋር ምድር ይህን የማያውቅ የለም። እኔ ግን ማሽኔን አስሬ ልጆቼን ፈትቼ ኖሬያለሁ። ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ቦርዳችሁን ክፈቱና በቫልቮላው ቦታ ምን እንደታሰረ ተመልከቱ።

አላህ ቤታችንን ከእሳት፣ ሪዝቃችንንም ከሐራም ይጠብቅልን። አሚን።