የ«ቀዩ ቤት» ትምህርት

ቤት የነዋሪውን የኑሮ ደረጃ ብቻ ሳይሆን የአሠሪውንና የሠሪውን አስተሳሰብም ይመሰክራል። ከለንደን መሐል 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በከተማው ዳርቻ በቤክስሊሂዝ የሚገኘው «ቀዩ ቤት» ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው።

ቤቱ የታነጸው ከ1859 እስከ 1860 (እ.ኤ.አ.) ነው። ያሠራው ባለቅኔውና የእደ ጥበብ ሰው ዊልያም ሞሪስ ሲሆን፣ ንድፉን ያወጣው ወዳጁ አርክቴክት ፊሊፕ ዌብ ነበር። በዚያን ዘመን ብዙው ባለጸጋ የቤቱን ጡብ በልስን ሸፍኖ ድንጋይ ማስመሰልን፣ መስኮቶቹንም ለደጅ ውበት ሲባል ግራና ቀኝ እኩል መደርደርን ይመርጥ ነበር። ዌብ ግን ከዚህ የማስመሰል ልማድ ራቀ። ቀዩ ጡብ ሳይለሰን እንዳለ ታየ፤ ጣሪያው ሽቅብ ተወድሮ የሸክላ ክዳን ለበሰ። እያንዳንዱ መስኮት ከበስተጀርባው ያለው ክፍል የሚሻውን ብርሃን ተከትሎ ስለተከፈተ አንዱ ረጅም፣ ሌላው አጭር፣ ሌላውም ክብ ሆነ። ቤቱ እንደ ክርን ታጥፎ፣ ሾጣጣ ክዳን ያለውን የውሃ ጉድጓድ ያቅፋል። በቦታው የነበሩት የፖም ዛፎችም በተቻለ መጠን እንዳይቆረጡ ጥንቃቄ ተደርጓል።

ሥራው ሲጠናቀቅ ለክፍሎቹ የሚስማማ ዕቃ በገበያ አልተገኘም። ስለዚህ ወዳጆች ተሰባስበው ግድግዳውን በሥዕል አስጌጡ፤ የሞሪስ ባለቤት ጄን መጋረጃ ጠለፈች። ከዚህ የጋራ ሥራ በ1861 የቤት ዕቃና የጌጥ ሥራ ድርጅት ተወለደ፤ ኋላም የእደ ጥበብን ክብር ለማስመለስ የተነሣው ንቅናቄ ከዚህ ምንጭ ቀድቷል።

ይሁን እንጂ ሐቀኛው ጡብ የማይናገረው ሌላ ሐቅ ነበር። ሞሪስ ቤቱን ያሠራው ቤተሰቡ በዴቨን የመዳብ ማዕድን ከነበረው አክሲዮን በሚያገኘው ገቢ ነበር። ማዕድኑን ከመሬት ሆድ ያወጣው ሠራተኛ እንዲህ ያለ ቤት አልነበረውም። በእጅ የተሠራው ውብ ዕቃም ዋጋው ውድ በመሆኑ ከባለሀብቱ ሳሎን አልፎ ወደ ሠርቶ አደሩ ጎጆ አልገባም። ዋና ዋናዎቹ ክፍሎች ወደ ሰሜን የዞሩበት ይህ ቤት ብርዳም ነበር፤ የለንደኑ ምልልስ አድካሚ ሆነ፤ ገቢውም ቀነሰ። በ1865 ሞሪስ ቤቱን ለቆ ሄደ።

ጥያቄው ግን አልለቀቀውም። ጥበብ የጥቂቶች ቅምጥልነት ሆኖ መቅረቱ ያስቆጣው ሞሪስ በ1883 የሶሻሊስቶችን ጎራ ተቀላቀለ፤ እስከ ሞተበት እስከ 1896 ድረስም በአደባባይና በየአዳራሹ ለሠራተኛው ንግግር አደረገ። ውብ ቤት ለመሥራት ሠሪው በሥራው የሚደሰትበት፣ ነዋሪውም ያለ ብዝበዛ የሚኖርበት ኅብረተሰብ ያስፈልጋል የሚለው እምነቱ፣ በጡብ ከተሠራው ቤት ይልቅ የከበደ ሕንጻ ነው።

ከ2003 ጀምሮ ቤቱ በብሔራዊ የቅርስ ተቋም ይጠበቃል፤ ጎብኚም ይገባበታል። የጥንቱ የገጠር ሜዳ በተራ የከተማ ቤቶች ተውጧል። ቀይ ግድግዳው ግን ለሠዓሊውም ለአናጢውም ለአርክቴክቱም ያንኑ የቆየ ጥያቄ ያቀርባል፦ ውበት የሚሠራው ለማን ነው?