መለጠፍና መታሰር

ይህን የምታነቡት ቆማችሁ ነው። ከፊላችሁም ወደ ምግብ አዳራሽ እያለፋችሁ ነው። ስለዚህ በአጭሩ እንጻፍ ብለን ነበር የተነሣነው፤ ዳሩ ግን ነገሩ አጭር አልሆን አለን።

እስቲ ከአንድ ቃል እንጀምር። እኛ ይህን ወረቀት በሙጫ ለጠፍነው። ፌስቡክ ላይ ሐሳቡን ያሰፈረ ሰውም በሕዝቡ አነጋገር «ለጠፈ» ነው የሚባለው። ቃሉ አንድ ነው፤ ሥራውም እምብዛም አይለይም። ልዩነቱ ምንድን ነው ቢባል፣ የኛን ጽሑፍ ከመለጠፉ በፊት አንድ መምህር አንብቦ ይፈርምበታል፤ የዚያ ሰው ግን የሚነበበው ከተለጠፈ በኋላ ነው፤ አንዳንዴም አንባቢው መርማሪ ይሆናል።

ይህን የምንጽፈው ከካራቆሬና ከዙሪያዋ የመጣን ሠልጣኞች ነን። አገራችንን ለማታውቁ፦ ከሸዋ ሮቢት ወደ ደሴ ሲኬድ፣ አጣዬን አልፎ ከሚሴ ሳይደረስ፣ አውራ ጎዳናው መሐል ለመሐል የሚሰነጥቃት የይፋት ቆላ ከተማ ናት፤ ማሽላና ማሾ የሚበቅልባት። በውጭ አገር መጻሕፍት ስሟ የሚነሣው በግንቦት 1953 ዓ.ም. በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው፤ ያኔ ጎረቤታችን ማጀቴ ፈርሳለች። የኛ ዘመን ሰው ግን የሚያስታውሰው ሌላ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬ ነደደች፤ መዘዙ ለኛም ተረፈ። በዚያ ሰሞን ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፍ የነበረውን፣ «ይህን ያህል ሞተ፣ እነ እገሌ መጡ፣ ተነሥ» የሚለውን ሁሉ አንረሳውም። የቱ እውነት፣ የቱ ቅጥፈት እንደሆነ ለይቶ የሚነግረን ሰው አልነበረም።

ስለዚህ በመኝታ ክፍላችን ክርክር ተነሥቶ፣ ቤታቸው የተቃጠለበት ጓደኛችን «የለጠፈ ሁሉ ይታሰር! ጣቱ ይቆረጥ!» ሲል ማንም አልሣቀበትም። ኧረ ማን ይሥቃል! ነገር ግን ከመካከላችን አንዱ «እስቲ እስከ ዛሬ በመጻፍ የታሰሩትን እናንሣ፤ ቤትህን ያቃጠለ አለባቸው ወይ?» አለው። ማንሣት ጀመርን።

በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. «ዞን 9» በሚል ስም በኢንተርኔት ይጽፉ ከነበሩት ወጣቶች ስድስቱ፣ ከነሱም ጋር ሦስት ጋዜጠኞች ተያዙ። ስሙ ራሱ ነገር አለው፦ የቃሊቲ እስር ቤት ስምንት ዞን አለው፤ ዘጠነኛው ከአጥሩ ውጭ ያለው አገር ነው ማለታቸው ነበር። በሽብር ተከሰሱ። የአምስቱ ክስ ተቋርጦ በ2007 ክረምት ተፈቱ፤ በእስር የቀሩትን አራቱን ፍርድ ቤቱ ከሽብር ክስ ነጻ ያላቸው በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ዓመት ከመንፈቅ ከታሰሩ በኋላ። ከዘጠኙ አንዱ ዘላለም ክብረት በአምቦ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር ነበር።

መምህር ካነሣን ርዕዮት ዓለሙን መዝለል አይሆንልንም። እሷ በፌስቡክ ሳይሆን በጋዜጣ ነው የጻፈችው፤ ግን የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህርት ነበረች፤ የኛው ሰው ናት። በሰኔ 2003 ዓ.ም. ተያዘች፤ 14 ዓመት ተፈረደባት፤ በይግባኝ 5 ዓመት ሆነላት፤ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ወጣች። በ2005 ዓ.ም. ዩኔስኮ የፕሬስ ነጻነት ሽልማቱን ሲሰጣት እስር ቤት ነበረች።

ስለ ፌስቡክ ከሆነ ግን ጥርት ያለው ጉዳይ የዮናታን ተስፋዬ ነው። ዮናታን የሰማያዊ ፓርቲ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ የነበረ ወጣት ነው። በኦሮሚያ ስለተነሣው ተቃውሞና መንግሥት ስለወሰደው ርምጃ ፌስቡክ ላይ ጻፈ፤ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ተያዘ፤ በግንቦት 2009 ዓ.ም. 6 ዓመት ከ6 ወር ተፈረደበት። የተፈታው በ2010 ዓ.ም. ነው። ዋናው ማስረጃ ምን ነበር? የለጠፋቸው ጽሑፎች።

የተፈረደበት በጸረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 አንቀጽ 6 ነው። አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል፤ አንቀጹን ግን አንድ ጊዜ ማስተዋል ይገባል። አንባቢው ጽሑፉን በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ሽብርን የሚያበረታታ አድርጎ ሊረዳው የሚችል ከሆነ፣ ያሳተመው ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት ይቀጣል ይላል። ልብ በሉ፤ «ሊረዳው የሚችል ከሆነ» ነው! ይህ እንግዲህ አንድ ተማሪ የጻፈውን መልስ ጎረቤቱ አጣሞ ሊያነበው ይችላል ተብሎ ዜሮ እንደ መስጠት ነው። እንዲህ የሚያርም መምህር ቢኖር ፔዳጎጂ አስተማሪያችን ምን ይሉት ይሆን?

በመስከረም 2009 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚተላለፈውም ነገር በክልከላው ገባ። መንግሥት ራሱ ባመነው ቁጥር ከ20,000 በላይ ሰው ታሰረ፤ ሁሉም በመለጠፍ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ብዙዎቹ በታኅሣሥ ሲለቀቁ ደረቱ ላይ «አይደገምም» የሚል ካናቴራ ለብሰው ታዩ። እስሩ «ሥልጠና» ይባል ነበር። እኛም ሠልጣኞች ነንና ቃሉ ትንሽ ከበደን። ከዚያው ዓመት ዋዜማ፣ በነሐሴ 2008 መጨረሻ፣ የቂሊንጦ እስር ቤት ተቃጥሎ ብዙ እስረኞች ወደ ሸዋ ሮቢት ተዛውረው ነበር። በዚያ ስለደረሰባቸው ድብደባ በኋላ ፍርድ ቤት ቆመው ተናገሩ። እኛ ለዕረፍት አገራችን ስንገባ የምናልፍባት፣ ሽንኩርት በጆንያ የምንገዛባት ሸዋ ሮቢት!

ጓደኛችን እስከዚህ ድረስ ዝም ብሎ ሰማና «ይሁን፤ እነዚህ መንግሥትን የተናገሩ ናቸው። እኔ የምለው ሰውን በሰው ላይ የሚያስነሣውን ነው» አለ። ልክ ነው። ለዚያ ተብሎ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጥቷል። በማኅበራዊ ሚዲያ ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለው ሰው ሐሰተኛ መረጃ ካሰራጨ እስከ 3 ዓመት ያስቀጣዋል። ታዲያ አዋጁ በወጣበት በዚያው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የተያዘው ማን ነው? መንግሥት ለኮሮና 200,000 መቃብር እንዲዘጋጅ አዟል ብሎ የለጠፈው ጋዜጠኛ ያየሰው ሽመልስ። ኋላም በዚሁ አዋጅ ተከሰሰ። ወሬው ሐሰት ነው እንበል። ለሐሰቱ አንድ መግለጫ ይበቃው ነበር ባዮች ነን። ከካራቆሬ ሰው ቤት ጋር ግን ምን አገናኘው?

በማስተማር ልምምድ ጊዜ አንድ አራተኛ ክፍል ደርሶን ነበር። ጥያቄ ስንጠይቅ ጸጥ! እጁን የሚያወጣ የለም። ደብተራቸውን ገልጠን ስናይ መልሱ ተጽፏል። ለካስ በዚያ ክፍል የተሳሳተ በአርጩሜ ይገረፍ ኖሯል። ጸጥ ያለው ግን ለመምህሩ ብቻ ነው፤ ፊታችንን ወደ ሰሌዳው ስናዞር የኋላ ወንበር ሹክሹክታ አያቋርጥም ነበር፤ የሚያወሩትም ስለ ትምህርቱ አልነበረም።

ነገሩ የኛ አገር ብቻ አይደለም። ከይፋት ቆላ ስንቱ ወጣት በጅቡቲና በየመን አድርጎ ወደ ሳውዲ እንደሚሄድ ታውቃላችሁ፤ የኛም ወንድሞች አሉበት። በዚያች አገር መሐመድ አልጋምዲ የተባለ ጡረተኛ መምህር በትዊተርና በዩቲዩብ መንግሥትን ነቅፏል ተብሎ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ሞት ተፈረደበት። የትዊተር ተከታዮቹ በሁለቱም ገጾቹ ተደምረው 10 ነበሩ። በኛ ክፍል ተደራራቢ አልጋ ላይ የምንተኛው ስምንት ነን። የሞት ፍርዱ በይግባኝ ተሽሮ በ2017 መጀመሪያ 30 ዓመት ተደረገለት፤ «ተደረገለት» ከተባለ።

በዚያው በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። እነሆ፣ ጓደኛችን የተመኘው ሆነ፤ የሚለጥፍ ሰው የለም። ያኔ ሁለታችን ለቀን ሥራ አዲስ አበባ ነበርን። ወሬ ግን አልቀረም፤ በሹፌርና በረዳት አፍ ይመጣል። አንዱ ካራቆሬ ሰላም ናት ይላል፤ ከሱ ኋላ የገባው ደግሞ ሰው የለባትም ይላል። ስልኩም አንድ ቀን ይጠራል፣ ሦስት ቀን ይጠፋል፤ ቢጠራም ቤተሰብ በስልክ ማውራት ፈርቶ «ሁሉ ደኅና» ብሎ ይዘጋል። ከዕለታት አንድ ቀን አባታችን (የአንዳችን አባት ነው፤ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራው) በማሽላ ጫኝ መኪና ደብዳቤ ላኩ። ከተማሪ ደብተር የተቀደደ ግማሽ ገጽ ነበር። በሕይወት ያሉትን የሰፈር ሰዎች ስም አንድ በአንድ ጽፈዋል፤ ሌላ ምንም የለበትም። ደብዳቤው የደረሰን በአሥራ አንደኛው ቀን ነው።