ደርሶ መልስ ከካዛንቺስ

አንባቢ ሆይ፤ የአዲስ አበባ ሰው ላሊበላንና ጐንደርን ለማየት ዓመት ሙሉ ገንዘብ ያጠራቅማል። በአንድ ቀን ደርሶ የሚመለስበትን ቦታ ግን «የትም አይሄድ፤ አንድ ቀን አየዋለሁ» እያለ ዕድሜውን ይፈጃል። ይህን የምለው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኔ ራሴ ከዚሁ ወገን ስለ ነበርሁ ነው።

ያደግሁት ካዛንቺስ ነው፤ ታሪክ የማስተምረውም ቂርቆስ አካባቢ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በ2016 ዓ.ም. ስለ ጢያ ትክል ድንጋዮች እያስተማርሁ ሳለ አንዲት ልጅ ከኋላ ወንበር እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ እርስዎ አይተውታል?» ስትል ጠየቀችኝ። ዋሽቶ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ግን «አላየሁም» አልሁ። ክፍሉ ሳቀ። ክፋት የሌለበት ሳቅ ነበር፤ ቢሆንም እስከ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

እንዲህም ሆኖ አልሄድሁም። ከተቀመጥሁበት ያስነሣኝ ሌላ ነገር ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ብዙው ክፍል ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ ነዋሪው ወደ ልዩ ልዩ የከተማው ዳርቻ ተዛወረ። እኛም ዕቃችንን ጭነን ወጣን። አንድ ማታ በአዲሱ ቤታችን ቡና ተፈልቶ ስንጠጣ እናቴ፣ «ያ በረንዳ የነበረው የጣሊያን ቤት፣ የመስኮቱ ቀለም ምን ነበር?» አለችኝ። ሃያ ዓመት በደጁ ተመላልሻለሁ፤ መልስ ግን አልነበረኝም። አውቀዋለሁ እያልሁ ሳላየው ኖሬአለሁ ማለት ነው። «የትም አይሄድ» የሚለው አነጋገር ሐሰት መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲህ ደመወዜ በፈቀደ ቁጥር ጠዋት ወጥቼ ማታ የምመለስበትን መንገድ እይዛለሁ። ከሄድሁባቸው ቦታዎች ጥቂቶቹን ላውጋዎት።

ወደ እንጦጦ

ለመጀመሪያው ጕዞ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የእንጦጦ ራስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በደቡብ አሜሪካ፣ በአንዲስ ተራሮች ላይ ያለችው የኢንካዎች ጥንታዊ ከተማ ኩዝኮ 3,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ የዓለም ሰው እርሷ ዘንድ ለመድረስ ውቅያኖስ ሲያቋርጥ፣ እኛ ወደዚያ ለሚጠጋ ከፍታ የምንፈልገው አንድ ጠዋት ብቻ ነው። አየሩ ስስ ስለ ሆነ ዳገቱን ቀስ ብለው ይውጡ።

ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የደፉት በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ነው። የኖሩበት የጭቃና የእንጨት ቤተ መንግሥትም ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ አሁንም አለ። ይሁንና እቴጌ ጣይቱ የቆላውን ሙቀትና ፍል ውኃውን ስለ ወደዱ፣ ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማው ወደ ታች መውረድ ያዘ። ያ ፍል ውኃ ከካዛንቺስ በእግር የሚደረስበት ነው።

እኔም ከተራራው ጫፍ ሆኜ፣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽን ምልክት አድርጌ ሰፈራችንን ፈለግሁ። ቤታችን የነበረበትን ለይቼ ለማወቅ አልቻልሁም። ቢሆንም አንድ ነገር ልብ አልሁ። ይህች ከተማ ገና ስትፈጠር ጀምሮ ቦታ የምትለውጥ ነበረች፤ ከእንጦጦው ዘመን የተረፈው ግን ሰው «ይህ ይቈይ» ብሎ የጠበቀው ብቻ ነው።

ወደ ጢያ

ሁለተኛው መንገድ በዓለም ገና አድርጎ ወደ ቡታጅራ የሚወስደው ነው። በዚህ መንገድ ላይ ሦስት ታላላቅ ነገሮች ተከታትለው ስለሚገኙ፣ በንጋት የተነሣ ሰው ሦስቱንም በአንድ ቀን ሊያይ ይችላል።

ከከተማው 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዙ አዋሽን ያገኛሉ፤ በዳርቻውም መልካ ቁንጡሬ አለ። ደከር የተባለ ሆላንዳዊ የውኃ ጥናት ባለሙያ በዚህ ቦታ የጥንት የድንጋይ መሣሪያዎችን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1963 ነበር። ከዚያ ወዲህ የተቈፈረው አፈር ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ የሰው ታሪክ ያሳያል። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን 700,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የእግር ዱካ ነው፤ ከዱካዎቹ መካከል የሕፃናት አሉበት። አዋቂው ድንጋይ እየጠረበ ሥጋ ሲበልት፣ ልጆቹ በጭቃው ላይ ይራመዱ ነበር። ከዚያ አጠገብ ያለው ሌላ ቦታ ባልጩት ይባላል፤ ስሙም ምላጭ ከሚመስለው ጥቁር ድንጋይ የመጣ ነው። ሁለቱ ቦታዎች እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል።

ከዚያ ጥቂት አልፎ ወደ ቀኝ የሚገነጠለው መንገድ ወደ አዳዲ ማርያም ያደርሳል። ሩቅ ሆነው ቤተ ክርስቲያኑን ቢፈልጉት አያገኙትም፤ አጠገቡ ሲደርሱ ነው መሬት ውስጥ ተፈልፍሎ የሚያዩት። በትውፊት የንጉሥ ላሊበላ ሥራ ነው ይባላል። ካህናቱ እስከ ዛሬ ይቀድሱበታል። እኔ በገባሁበት ሰዓት አንድ ዲያቆን ጧፍ ይዞ በጨለማው መተላለፊያ መራኝ፤ ግድግዳውን በእጄ ስዳስሰው የመጥረቢያው ምልክት አለበት።

ጢያ ከአዲስ አበባ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በሶዶ ምድር፣ በሣር ሜዳ መካከል 36 ድንጋዮች ቆመዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። አብዛኞቹ ላይ ሰይፍ ተስሏል፤ የሌሎቹ ምልክቶች ትርጉም ግን ሊቃውንትን አሁንም ያከራክራል። ድንጋዮቹ የመቃብር ምልክቶች ናቸው። አስጎብኚው እንደ ነገረኝ ከሥራቸው የተገኘው ዐፅም የወጣቶች ነው፤ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆናቸው። እኔ ገና ሠላሳ አልሞላኝም። ከአንደኛው ድንጋይ ፊት ቆሜ ይህ ሰው እኩያዬ ነበር ብዬ አሰብሁ፤ መጽሐፉን አንብቤ ለተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ ተናግሬአለሁ፣ ይህ ግን ከዚያ በፊት ታስቦኝ አያውቅም።

ወደ ደብረ ሊባኖስ

ሦስተኛውን ጕዞ ብቻዬን አላደረግሁትም። እናቴ «ተሳልሜ ልምጣ» ስላለች፣ የቀድሞ ጎረቤቶቻችንን አስጠርተን በመዋጮ ሚኒባስ ተከራየን። ድሮ ቢሆን በአንድ ደጅ ጡሩንባ ቢነፋ ሁሉም ይሰበሰብ ነበር። አሁን ግን አንዷን ከአንዱ ዳርቻ፣ ሌላዋን ከሌላው ዳርቻ ለመልቀም ብቻ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ሴቶቹ ሲገናኙ ተቃቅፈው አለቀሱ። መኪናው ሱሉልታን ሳያልፍ የሠፈሩ ወሬ ሁሉ ወጣ፤ ማን ልጅ እንደ ዳረ፣ ማን እንደ ታመመ። በመካከሉም አንዲት ጎረቤታችን ካረፈች ሦስት ወር እንዳለፋት ተሰማ። አብዛኞቹ ያንን የሰሙት እዚያው መኪና ውስጥ ነው። ዐርባ ዓመት አብረው ዕድር የከፈሉ ሰዎች ለቅሶ ሳይደርሱ ቀሩ። ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም።

ደብረ ሊባኖስ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከፍቼ በፊት ከዋናው መንገድ ወደ ገደሉ ይታጠፉለታል። ገዳሙን በ13ኛው መቶ ዓመት የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፤ የአሁኑን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዶች ሣር ሲነጩ ይታያሉ። ወረድ ብሎ «የፖርቱጋል ድልድይ» የሚሉት የድንጋይ ድልድይ አለ፤ ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ ያሠሩት ራስ ዳርጌ ናቸው።

ይህ ቦታ ግን ሌላም የሚነግረን ነገር አለው። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ጣሊያኖች ገዳሙን በተባባሪነት ጠረጠሩት። በግንቦት ወር፣ የጻድቁ በዓል በሚከበርበት ሰሞን የጄኔራል ማሌቲ ወታደሮች መነኮሳቱንና ለበዓል የመጡትን ምእመናን ከበቡ፤ በመኪናም ላጋ ወልዴ ወደሚባል ቦታ እየወሰዱ ረሸኗቸው። ግራዚያኒ ያመነው ቍጥር ዲያቆናቱን ጨምሮ 449 ነው። ታሪክ ጸሐፊው ኢያን ካምቤል ግን ከ1,800 እስከ 2,200 ሰው እንደ ተገደለ ገምቷል።

ይህን ለጎረቤቶቻችን ስናገር አንዲት አሮጊት፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ ካዛንቺስ ማለት ምንድር ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ካዛ» በጣሊያንኛ ቤት ነው፤ «ኢንቺስ» ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው የጣሊያን ድርጅት አጭር ስም ነው። ስለዚህ የሰፈራችን ስም የወጣው፣ እነዚህ መነኮሳት በተገደሉበት የወረራ ዘመን ለጣሊያን ሹማምንት ከተሠሩት ቤቶች ነው አልኋቸው። አሮጊቷ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ይሁን፤ እነርሱ ቢሠሩትም እኛ ልጅ አሳድገንበታል፤ ቡና አፍልተንበታል፤ ሙት ቀብረንበታል። ስሙ የእነርሱ ይሁን፤ ሰፈሩ የእኛ ነበር» አሉ። በዩኒቨርሲቲ ስለዚያ ዘመን ብዙ ገጽ ጽፌአለሁ፤ እንዲህ አሳጥሬ የጻፍሁት ግን የለም።

ስንመለስ የእናቴን ጥያቄ ለሁሉም አቀረብሁ። አንዷ «ሰማያዊ ነበር» አለች፤ ሌላዋ «ኧረ አረንጓዴ ነው» ብላ ተከራከረች። በመጨረሻ አረንጓዴ መሆኑ ተወሰነ፤ የቤቱ ደጃፍ ላይ አትክልት ትሸጥ የነበረችው ሴት ከመካከላችን ነበረችና። ከዚያ መኪናው እያንዳንዷን በየዳርቻዋ እያወረደ ሄደ። ሲለያዩ ግን በወር አንድ ጊዜ ለመገናኘት ቃል ተግባብተው ነው።

ለመሄድ ለሚያስቡ

ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ይነሡ። ከከተማ ከመውጣትዎ አስቀድሞ የመንገዱን ጸጥታ ከሚያውቁ ሹፌሮች ይጠይቁ፤ በተለይ ወደ ሰሜን የሚወስደውን። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገቡ ከሆነ ነጠላ ይያዙ፤ ጫማም ስለሚያወልቁ ካልሲ አይርሱ። ዳቦ ቆሎና ውኃ ቢይዙ አይጸጸቱም። ከሁሉም በላይ ደግሞ የዕድሜ ባለጸጋ አንድ ሰው ይዘው ይሂዱ።

ያቺ «አይተውታል?» ያለችኝ ልጅ እስካሁን ተማሪያችን ናት። ትምህርት ሳይዘጋ ክፍሉን ይዤ ጢያ ለመውረድ ከወላጆች ጋር እየተነጋገርሁ ነው፤ የስም ዝርዝሩም በእርሷ ይጀምራል። እርስዎም፣ አንባቢ ሆይ፣ ሩቁን ለማየት አቅም እስኪያገኙ ድረስ ከቅርቡ ይጀምሩ። ነገ ጠዋት ከቤትዎ ሲወጡ የጎረቤትዎን መስኮት ቀለም አይተው ይለፉ።