ከአያት አጥር እስከ ጀጎል

አዲስ አበባ፣ አያት ውስጥ ግንቡ ላይ ሽቦ፣ ሽቦው ላይ መብራት ያልደረበ ግቢ ማግኘት ይከብዳል። ጎረቤቴ እትዬ ታዲያ ከውጭ የሚመጡ ልጆቻቸውን የት ወስደው እንደሚያሳዩ አማከሩኝ።

«አጥር ከሆነ ሐረር ይውሰዷቸው» አልኳቸው።

መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ድሬዳዋ ድረስ በአውሮፕላን መሄድም ይቻላል። ጥንታዊውን የሐረር ክፍል፣ ጀጎልን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በግንብ ያሳጠሩት አሚር ኑር ናቸው። በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ በር ቆጥሮ መመለስ ግን ለእኔ ሐረርን ማየት አይደለም። መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ልብስ ሰፊዎቹ ደጅ ተቀምጠው ይሰፋሉ። የሐረሪ ቤት ከገቡ ደግሞ ጫማ አውልቆ ደረጃ ደረጃ ከሆነው ቀይ መደብ ላይ አረፍ ማለት፣ ግድግዳውን የሞሉትን ስፌቶች ማየት ነው። እዚያ አልቸኩልም።

የሚገርመኝ ግንቡ ለጅብ መግቢያ ቀዳዳ የተተወለት መሆኑ ነው። እኛ አያት ላይ ድመት እንኳ አናሳልፍም! ሲመሽ ከግንቡ ውጪ ጅብ ይመገባል፤ እንግዳም ሥጋውን በእንጨት ጫፍ ያጎርሳል።

እትዬ ጥቂት አሰቡና «ሥጋውስ በማን ሒሳብ ነው?» አሉኝ።