የቃል ወሰን
በመርጡለ ማርያም እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆች ደብተር ሳርም አንድ ልማድ አያለሁ፤ ነጥቡን እንደ አማርኛው አራት ነጥብ ከቃሉ አርቀው ያስቀምጡታል፤ ዓረፍተ ነገሩንም በትንሹ ፊደል ይጀምራሉ። አልፈርድባቸውም፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውምና። የብራና ጸሐፊዎቻችንም ቃልን ከቃል የሚለዩት በሁለት ነጥብ ነበር። ዛሬ በስፍራው ባዶ ቦታ ገብቷል፤ ባዶ ስለ ሆነም እንንቀዋለን። ነገር ግን «ወርቅ ነህ» ምስጋና ነው፤ «ወርቅነህ» የሰው ስም ነው። በእንግሊዝኛም «ኤ ፓርት» ተነጥሎ ሲጻፍ «አንድ ክፍል» ማለት ነው፤ ሲጋጠም ግን «ተለያይቶ» ማለት ይሆናል። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ቋንቋ ሁሉ የየራሱ ወሰን አለው። የእርሻ ድንበር የሚገፋ ጎረቤቱን እንደሚበድል፥ የቃልን ወሰን የሚያፈርስም አንባቢውን ይበድላል።